ኦኬ አቦ

እናቴን «ኦኬ» ብያት አላውቅም። ዳቦ ግዛ ስትለኝ «እሺ» ነው፣ ጎረቤት ሄደህ ወንፊት አምጣልኝ ስትለኝ «እሺ» ነው፣ ስትቆጣኝም «እሺ በቃ» ነው። ከግቢ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ግን አፌ ማርሽ ይቀይራል። ሹፌሩ «በመጋላ ዞሬ ነው የምሄደው» ሲለኝ «ኦኬ»። «ዝርዝር አዘጋጅልኝ» ሲለኝ «ኦኬ»። ስወርድ ደግሞ «ኦኬ አቦ፣ ቻው»።

ይሄን አስቤበት አይደለም የማደርገው። እናትህን እንዲህ በል፣ ባጃጅ ነጂውን እንዲያ በል ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ግን የድሬ ልጅ ሁሉ ልዩነቱን ያውቃል፣ ትንሽ ልጅ እንኳ ያውቃል። አባቱን «ኦኬ» የሚል ልጅ ወይ ውጭ አገር ያደገ ነው፣ ወይ ኩርኩም የናፈቀው ነው።

አመጣጡ ራሱ ቀልድ ነው፣ የምሬን። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ጋዜጠኞች አንድ ፋሽን ይዟቸው ነበር። ሐረጉን በመጀመሪያ ፊደሎቹ ብቻ አሳጥሮ መጻፍ፣ ያውም ሆን ብሎ ስፔሊንጉን አበላሽቶ። ዛሬ ልጆች ቴሌግራም ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ነገር ማለት ነው። «ኦል ኮሬክት» በእንግሊዝኛ «ሁሉም ትክክል ነው» ማለት ነው። በደንቡ ሲጻፍ በኤ እና በሲ ነው የሚጀምረው። እነሱ ግን ፊደል በቅጡ ያልቆጠረ ሰው በጆሮው ሰምቶ እንደሚጽፈው አድርገው በኦ እና በኬ ጻፉት። ማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት በሚባል ጋዜጣ ላይ ታትሞ ወጣ። «ሁሉም ትክክል ነው» የሚለው ነገር ራሱ አንዱም ፊደሉ ትክክል አይደለም። ቀልዱ ይሄው ነው።

በዚያ ሰሞን እንዲህ ዓይነት ብዙ ነበር። «ጥቅም የለውም» ለማለት «ኬ ዋይ» ይሉ ነበር፣ እሱም በተበላሸ ስፔሊንግ። አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ጠፉ። ኦኬን ከመጥፋት ያዳነው ፖለቲካ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደር ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ኪንደርሁክ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ያለች የትውልድ መንደሩ ናት። ስሙ ሲያጥር ኦኬ ሆነ፣ ኦኬ የሚባል ክለብም አቋቋሙ። ተቃዋሚዎቹ መች ዝም አሉ። ቃሉን ያመጣው የቀድሞው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ነው፣ ስፔሊንግ ስለማይችል ወረቀት ላይ ኦኬ እያለ ይፈርም ነበር ብለው አስወሩ። ውሸት ነው፤ ግን ውሸትም ቢሆን ያስተዋውቃል። ቫን ቢዩረን በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸንፎ ቤቱ ገባ። ቃሉ ግን ጎዳና ላይ ቀረ።

ይሄን ሁሉ የድሮ ጋዜጣ እየቆፈረ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ከሱ በፊት ያለው ሰው ሁሉ በየፊናው ሲተረጉም ነበር። ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከቾክቶዎች ቋንቋ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ይሄን አምኖ ሰነድ ላይ በዚያው አጻጻፍ ይጽፈው ነበር። ግሪክኛ ነው፣ «ኦላ ካላ» ነው ያሉም አሉ። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት በተወሰዱ ሰዎች አፍ ውቅያኖስ የተሻገረ ነው የሚሉም አሉ። ይሄኛው ልቤን ይነካዋል፣ እውነት በሆነ እላለሁ። ግን የቦስተኑን ያህል ማስረጃ የለውም።

እኛን ድሬዎችን እንዲህ ዓይነት ክርክር አይገርመንም። የከተማችንን ስም ትርጉም ማን ከማን ተስማምቶበት ያውቃል? አንዱ ኦሮምኛ ነው ይልሃል፣ ድሬ ሜዳ፣ ዳዋ መድኃኒት። ሌላው ሶማሊኛ ነው ይልሃል፣ ድር የሚባለው የጎሳ አባት ጦሩን የተከለባት ቦታ። ከሁለቱም ጋር ሻይ ትጠጣለህ፣ ሁለቱንም «ኦኬ» ብለህ ትሄዳለህ። እዚህ ላይ ኦኬ ማለት ተስማማሁ አይደለም። ሰማሁህ፣ አልጨቃጨቅህም ነው።

እሺ ሌላ ነው፣ ከባድ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የተባለው ለዚህ ነው። እሺ ስትል ራስህን ትንሽ ዝቅ ታደርጋለህ። «እሺ ባይ» ታዛዥ ነው። «እሺ አሰኘሁት» ያለ ሰው አሸነፍኩት ማለቱ ነው። «እሺ ጌታዬ» ይባላል፣ «እሺ እናቴ» ይባላል። እስኪ «ኦኬ ጌታዬ» በሉ። አይሄድም፣ ሹፈት ይመስላል። ጌታዬ የምትለው ከበላይህ ያለውን ነው፣ ኦኬ ደግሞ በላይና በታች አያውቅም። «ኦኬ ባይ» የሚባል ሰውም የለም።

ብዙ ሰው ኦኬ የገባው ፈረንጅ ለመምሰል ነው ይላል። አራዳ ለመባል። እኔ አይመስለኝም። ድሮ ድሮ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ቀፊራ ሽንኩርት የምትሸጠውም ሴት ኦኬ ትላለች፣ ፈረንጅ መምሰል ምን ይፈይድላታል? የገባው ክፍት ቦታ ስላገኘ ነው። ሳይታዘዙ የሚስማሙበት ቃል አጥሮን ነበር። «ይሁን» አለ፣ ግን ይሁን ቅሬታ አያጣውም፣ ከኋላው «ምን ላድርግ» አለ። «በጄ» ነበር፣ አሁን በጄ የሚል ወጣት ከየት ይመጣል? «ጥሩ» አለ፣ ጥሩ ደግሞ ለአለቃ ነው የሚያምርበት። አለቃህ ቀና ሳይል «ጥሩ» ካለህ፣ ሂድ ማለቱ ነው። እኩያህ «በአስር ሰዓት ከዚራ እንገናኝ» ሲልህ ምን ትለዋለህ? እሺ ብትለው የታዘዝክ ይመስላል፣ ጥሩ ብትለው ያዘዝክ ይመስላል። ኦኬ ነው እንጂ።

ድሬ ላይ ደግሞ ይሄ ክፍት ቦታ ከሌላው አገር ይሰፋል። እኛ ጋ አንቱታ ብዙ የለም። ከጎንደር ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሲሰማ ይደነግጣል። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሽርጥ ያገለደመ ሽማግሌን «አንተ፣ ና አቦ፣ ጥላው ስር ቁጭ በል» ይለዋል። ሽማግሌውም አይቀየምም፣ ይመርቀዋል። ንቀት አይደለም፣ ሐረርም እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ አንተና አንቺ በሆነበት ከተማ፣ ማንንም ከፍ ዝቅ የማያደርግ ቃል ቢወደድ ምን ይገርማል።

ኦኬ ብቻውን ትንሽ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው አቦ የምትከተለው። አቦን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት መከራ ነው። ልመናም ነው፣ ምሬትም ነው፣ ፍቅርም ነው። «አቦ ተወኝ»፣ «አቦ ና»፣ «ኧረ አቦ!»። «ኦኬ» ብቻ ያለህ ሰው ጉዳዩን ጨርሷል። «ኦኬ አቦ» ያለህ ነገም ሊያገኝህ ይፈልጋል።

ሌላ ምክንያትም አለ። አንድ ጠዋት ቀፊራ ሄዳችሁ ሎሚ ሻጮቹ ጋ ቁሙ። የማውቃት አንዲት ሻጭ አለች፣ መደቧ ላይ ሎሚውን አምስት አምስት አድርጋ የምትከምር። ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲመጣ «ቶሌ» ትላለች። ሶማሊኛ ተናጋሪ ሲመጣ «ሃዬ»። ለአማርኛው «እሺ የኔ ልጅ»። አንዳንዴ መሐል ላይ አንድ የዓረብኛ «ጠይብ» ጣል ይደረጋል። ገና ቋንቋውን ያልለየችው ሰው ከፊቷ ሲቆም ግን አትቸኩልም። በጣቷ ዋጋውን ታሳየዋለች፣ እሱ ግንባሩን ቋጠር ፈታ ያደርጋል፣ እሷ «ኦኬ?»፣ እሱ «ኦኬ»፣ ሎሚው ፌስታል ውስጥ ገባ። ኦኬ የማንም ስላልሆነ ማንም አይከፋውም። በአራት ቋንቋ እሺ ማለት የሚችል ከተማ አምስተኛ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው ላለ፣ መልሱ እዚያች መደብ ላይ ነው።

ፈረንሳይኛውንማ ረሳሁት። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፣ የባቡሩ ቤት ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነበር። ሰፈራችን አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ አለ። ይሄ ሰው ኦኬ አይልም። «ዳኮር» ነው የሚለው። ስልክ ላይ ዳኮር፣ እድር ላይ ዳኮር፣ ለልጅ ልጁ ዳኮር። ልጅቷ «ኦኬ ማለት እኮ ነው» ስትለው «የኔ ይቀድማል» ይላታል። ለድሬ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ግን ዳኮር የሚሉት ሰዎች እያለቁ ነው፣ ልጆቻቸውም አልወረሱትም። የሚገርመው፣ አሜሪካ ውስጥ ኦኬን ካስፋፉት አንዱ ቴሌግራፍ ነው፣ ቴሌግራፉ ደግሞ ከባቡሩ ሐዲድ ጎን ለጎን ነበር የሚዘረጋው። ሠራተኞቹ መልእክቱ በትክክል ደርሶኛል ለማለት እነዚያን ሁለት ፊደሎች መትተው ይልኩ ነበር። አጭር ናት፣ አታደክምም።

«ደርሶኛል» የምትለውን ያዙልኝ፣ እመጣባታለሁ።

መጀመሪያ ግን ድምፁን። ኦኬን በጽሑፍ አትጨርሰውም፣ መስማት አለብህ። መጨረሻውን ጎትተህ «ኦኬይይ» ካልክ፣ አሁን ገባኝ ነው፣ ያውም ዘግይቶ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ «ኦኬ ኦኬ» ካልክ፣ በቃ አትድገመው፣ ሰምቻለሁ ነው። «ኦኬ?» ተብሎ በጥያቄ ሲወጣ የአስተማሪ ነው፣ መልስ አይጠብቅም። ትምህርት ቤት እያለን አንድ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ኦኬ እንደሚል ከኋላ ወንበር ሆነን እንቆጥር ነበር፣ ሙሸበክ በምንለው ጣፋጭ እንወራረድ ነበር። የሬዲዮ ጋዜጠኞች ደግሞ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ የሚሻገሩት በኦኬ ነው። አሁን ስለ መኪና አደጋ እያወሩ ነበር፣ «ኦኬ፣ አሁን ወደ ሙዚቃ»። ይሄ ሁሌ ያናድደኛል። ሰው ሞቷል እያላችሁ እኮ ነበር።

ከሁሉም የሚያስፈራው ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣው ነው። ሚስትህን «ዛሬም አምሽቼ ነው የምመጣው» ስትላት በዝግታ «ኦኬ» ካለችህ፣ አታምሽ።

ሰው ቤት ተጋብዘህ «ሩዙ እንዴት ነው?» ስትባል «ኦኬ ነው» ማለትም አደጋ አለው። በእንግሊዝኛውም ቢሆን ሙገሳ አይደለም። ፈረንጅ ፊልሙ ኦኬ ነው ካለህ ለቲኬቱ ገንዘብህን አታውጣ። ምንም አይልም፣ አፍ አያቃጥልም ማለቱ ነው። ድሬ ላይ የሰው ማዕድ ኦኬ ነው ብለህ ከተነሳህ ባለቤቷ ሌላ ጊዜ አትጠራህም፣ ብትጠራህም ሩዝ አትሠራም። ያው ቃል ግን ላብራቶሪ በር ላይ ሌላ ነው። ውጤት ስትጠብቅ ቆይተህ ነጭ ጋውን የለበሰው ልጅ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ኦኬ ነው» ሲልህ ጉልበትህ ይላላል። ያኔ «በጣም ጥሩ» እንዲልህ አትመኝም። ኦኬ ይበቃል።

የምሠራው ኮፒ ቤት ነው። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ላሚኔት፣ ፎርም መሙላት። እኛ ጋ «ኦኬ በለው» ማለት ተጫነው፣ ጨርሰው፣ ላከው ነው። ስክሪኑ ላይ ስላለችው ቁልፍ ነው የማወራው። እሷም የራሷ ታሪክ አላት። አፕል እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ሊዛ የሚባል ኮምፒውተር ነበር። ገና እየተሠራ ሳለ ቁልፏ «ዱ ኢት» ነበር የምትለው፣ «አድርገው» እንደማለት። ለሙከራ ያስቀመጧቸው ሰዎች ግን በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችውን ክፍተት ሳያዩ፣ ትልቋን አይ ፊደል እንደ ትንሿ ኤል ቆጥረው «ዶልት» ብለው አነበቧት። ዶልት ደደብ ማለት ነው። አንዱ ተሞካሪ ኮምፒውተሩ ለምን ይሰድበኛል ብሎ ተናደደ አሉ። በሷ ፋንታ ኦኬ ገባች።

በቀደም አንዲት ትልቅ ሴት ለልጇ ፓስፖርት በኦንላይን አመልክትልኝ ብላ መጣች። ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ የልጇን የልደት ካርድ ከቦርሳዋ፣ ከፌስታል፣ ከሌላ ፌስታል ውስጥ አወጣች። ስሙን ፊደል በፊደል አየን። የአያት ስም ላይ ተከራከርን፣ እሷ በአንድ ኤች ነው ትላለች፣ ወረቀቱ ሁለት ይላል። ወረቀቱ አሸነፈ። በመጨረሻ «ኦኬ ልበለው እማማ?» አልኳት።

«ቆይ አቦ!» አለች። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ሁለት እጇን ዘርግታ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ፊቷን በእጆቿ አበሰች። «አሁን በለው።»

አልኩት። ኢንተርኔቱ እንደ ልማዱ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ከኋላ የቆሙት ሁለት ልጆችም አብረው ያያሉ።

«ምን አለ?»

«ኦኬ አለ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ተነሳች። ተሰጠ ብላ ነው። መልሼ አስቀመጥኳት። አይ እማማ፣ ኦኬ አለ ማለት ወረቀትሽ ደርሶኛል ማለት ነው፣ ገና እሺ አላሉም አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ታዲያ እሺ የሚሉት መቼ ነው?» አለችኝ።

ከቴሌግራፍ ሠራተኞቹ የማይሻል አገላለጽ ነበር ያገኘሁት፣ ግን ልክ ነው። ኦኬ ደረሰኝ ነው። እሺ ቃል መግባት ነው። እሷ በአንድ ጥያቄ ለየችው፣ እኔ ይሄን ሁሉ እየጻፍኩ ነው።

በርግጥ እሺም እንደ ስሙ አይደለም። «እሺ ነገ» የሚባል በሽታ አለብን። በር ልታሠራ በያጅ ጋ ትሄዳለህ፣ «እሺ» ይልሃል። ትመለሳለህ፣ «እሺ ነገ» ይልሃል። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ እሺን እንደ ጋሻ ይይዘዋል። እኔ ጋ የነበረው በያጅ እሺ እያለ ክረምቱ አልፏል፣ እኔም በሩን በሽቦ አስሬ ከርሜያለሁ። በኋላ ሌላው ጋ ሄድኩ። ይሄኛው ወጣት ነው፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ልኩን ለካ፣ ዋጋ ተነጋገርን፣ «ኦኬ፣ ሐሙስ» አለ። ሐሙስ አመጣው። ከዚህ ተነስቼ ኦኬ የሚሉ ታማኝ ናቸው አልልም፣ ኦኬ የሚል ስንት ሌባ አለ። ግን ኦኬ ሲሉህ ማስመሰያ ትሕትና አይጨመርበትም። ዋጋው ተባለ፣ ቀኑ ተባለ፣ አለቀ።

ስልክ ላይ የኦኬ ነገር ሌላ ዓለም ነው። በቃል ሲሆን እኛ መዝጋት አንችልበትም፣ «እሺ... እሺ በቃ... እሺ እሺ ቻው፣ ቻው ቻው» እያልን ሌላ ወሬ እንጀምራለን። በጽሑፍ ሲሆን ያ ሁሉ ይደርቃል። ታናሽ እህቴ መጀመሪያ «ኦኬ» ትልክልኝ ነበር፣ ከዚያ ወደ «ኬ» ወረደች፣ አሁን አውራ ጣት ብቻ ነው የምትልከው። ረጅም ምክር ጽፈህ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ሕይወት፣ በምላሹ አንድ ቢጫ አውራ ጣት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ብቻዋን የምትላክ ኬ ላይ ቅሬታ አላቸው፣ ፊት መንሳት ናት ይላሉ። እህቴን ጠየቅኳት። «ደርሶኛል ለማለት ነው» አለችኝ።

ኦኬ እስከዛሬ ያልገባባቸው ቦታዎች አሉ፣ ባይገባም ደስ ይለኛል። ለቅሶ ቤት አይገባም። እርቅ ላይ አይገባም፣ ሽማግሌ «እሺ በለን» ብሎ የለመነው ሰው ኦኬ ካለ አልታረቀም። ሽምግልና ሲላክም አይገባም። አንድ ጊዜ ግን ገብቷል።

ጓደኛዬ ሳቢያን ከሚባለው ሰፈር ነው ያገባው። የልጅቷ አባት ካናዳ ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ሽማግሌዎች ተላኩ፣ አራት ሆነው፣ ጋቢ ለብሰው፣ በዚያ በግንቦት ሙቀት። እኔ ሾፌር ስለነበርኩ ውጭ መኪና ውስጥ ቀርቼ ነው፣ የውስጡን ሲተርኩልን ነው የሰማሁት። ትልቁ ሽማግሌ ወጉን አስረዝሞ ተናገረ። ዘመድነት ፈልገን መጣን፣ ልጅህን ለልጃችን። እንደ ልማዱ መልሱ የታወቀ ነው፣ «እንመካከርበት፣ ተመለሱ» ይባላል፣ ሽማግሌም በመጀመሪያው ቀን እሺ እባላለሁ ብሎ አይጠብቅም። አባትየው ጉልበቱን በእጁ መታ መታ አደረገና «ኦኬ» አለ።

ዝም ተባለ። አራቱም ተያዩ። ቬንትሌተሩ ብቻ ይዞራል። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ይቅርታህን፣ ኦኬ ስትል... ሰምቻለሁ ነው? ወይስ እንድንመለስ ነው?» አለ።

«ኦኬ እኮ!» አለ አባትየው፣ ግራ ገብቶት። «ኦኬ፣ ፋይን!»

ፋይን ሲጨመር ባሰ። በእንግሊዝኛ «ደህና»ም ነው፣ «ቅጣት»ም ነው። አንዱ ሽማግሌ ቅጣት ነው ያለው መስሎት ነበር ብሏል በኋላ። በመጨረሻ የልጅቷ እናት ከጓዳ ብቅ ብላ «እሺ በላቸው እንጂ አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች። «እሺ» አለ። እልልታው እስከ መኪናው ድረስ ተሰማኝ።

ድሬ ቅጽል ስም ለማውጣት አታንስም። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ «ፋይን» ነው የሚባለው። ኦኬ ቀደም ብሎ በሌላ ሰው ተይዞ ነበር።